የማከማቻ መረባችንን በምን እንተካው? ፋይበር ቻናል፣ ኤተርኔት እና የሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት

ማከማቻ ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት ድርጅት የመረጃ ማዕከል ውስጥ የማከማቻ መረቡ ኃላፊነት በእኔ ላይ ነው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል ተደርገው የተዘረጉ ሁለት የተነጣጠሉ የፋይበር ቻናል መረቦች አሉን፤ ፋይበር ቻናል ሰርቨሮችን ከማከማቻ ሳጥኖች ጋር ለማገናኘት የተሠራ የመረብ ዓይነት ነው። መስመሮቹን የሚያገናኙት ስዊቾች ባለ 16 ጊጋቢት ሲሆኑ አምራቹ የሚሰጣቸው ድጋፍ ሊያበቃ ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም። 120 ያህል ሰርቨሮች የተያያዙባቸው ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት አሁንም ባለ 8 ጊጋቢት ካርድ የያዙ ናቸው። የማከማቻ ሳጥኖቹ ግን ባለፈው ዓመት ሙሉ በሙሉ ተሽከርካሪ ዲስክ ወደሌለው ፍላሽ ተቀይረዋል።

አሁን የምንወስነው ውሳኔ ቢያንስ ሰባት ዓመት አብሮን ይቆያል። አለቆቼ «ለሌላው ሥራ ሁሉ የምንጠቀምበት ኤተርኔት እያለ ለማከማቻ ብቻ ሌላ መረብ ለምን እናስተዳድራለን?» ይሉኛል፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የዳታቤዝ ባልደረቦቼ ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ያላስቸገራቸውን ነገር ለምን እንነካለን ይላሉ፤ እነርሱም እውነት አላቸው።

የራሴን ሐሳብ ላስቀድም። ጉዳዩ የፍጥነት ውድድር አይመስለኝም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በምንጠቀምበት ዘመን የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ብቻ በአማካይ ከ4 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይጠበቅ ስለነበር፣ መረቡ በዚያ ላይ የሚጨምረው 20 ወይም 30 ማይክሮ ሰከንድ ለማንም አይታይም ነበር። ዛሬ ፍላሹ ራሱ በ100 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ መልስ ስለሚሰጥ ያው 30 ማይክሮ ሰከንድ ከጠቅላላው ጊዜ ጉልህ ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ ማወቅ የምፈልገው የትኛው መረብ በሥራ ጫና መካከል፣ በተለይም በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ ነው። ሁለቱንም የሠራችሁባቸው ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ባለ ሁለት መንገድ፦

ከመጨናነቁ መነሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ የፋይበር ቻናል ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። በፋይበር ቻናል ላኪው፣ ተቀባዩ የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዳለው ካላወቀ አንዲት ፍሬም፣ ማለትም አንድ የመረጃ ጥቅል፣ እንኳ አይለቅም። ተቀባዩ ባለው የበፈር፣ ማለትም የጊዜያዊ ማቆያ፣ ቦታ መጠን ክሬዲት ይሰጣል፤ ላኪው ፍሬም በላከ ቁጥር ክሬዲቱ ይቀንሳል፤ ተቀባዩ ቦታውን ባስለቀቀ ቁጥር ይመለሳል። ክሬዲቱ ሲያልቅ ላኪው ቆሞ ይጠብቃል። ኤተርኔት ግን በተፈጥሮው በፈሩ ሲሞላ ፍሬሙን ይጥላል፣ የተጣለውን መልሶ የመላኩን ሥራም ከበላዩ ላለው ፕሮቶኮል ይተዋል። ይህ ልዩነት ፋይበር ቻናል በ1994 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ደረጃው ከጸደቀበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ባለ 64 ጊጋቢቱ ትውልድ ድረስ አልተለወጠም፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ማስተካከያ ሳያደርግለት ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ይሠራል።

ፋይበር ቻናል ዘመኑ አልፏል ሲባልም ስንሰማ የመጀመሪያችን አይደለም። በ2009 የፋይበር ቻናልን ፍሬም በኤተርኔት ላይ ጭኖ የሚያስኬደው ደረጃ ሲወጣ፣ ለማከማቻ የተለየ መረብ ከእንግዲህ አያስፈልግም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በተግባር ግን ከሰርቨሩ እስከ መደርደሪያው አናት ካለው ስዊች ድረስ ሄዶ፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ሳያልፍ ቀረ። ኤተርኔቱን የማይጥል ለማድረግ የሚያስፈልገው ቅንብር በእያንዳንዱ ስዊች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየት ነበረበት፤ በዚያ ላይ አንድ ስዊች ለመረብ ክፍሉም ለማከማቻ ክፍሉም ሲሆን ሶፍትዌሩን መቼ እናድስ የሚለው ብቻ እንኳ በየጊዜው ክርክር ያስነሣ ነበር። እኔ በሠራሁበት ቦታ ነገሩን ያስቆመው ይኸው ክርክር ነው።

ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 64 ጊጋቢት ኦፕቲክ ሞጁል፣ ማለትም ፖርቱ ላይ የሚሰካው የብርሃን መላኪያና መቀበያ፣ ወደ ኋላ የሚገናኘው ከ32 እና ከ16 ጋር ብቻ ነው። ባለ 8 ጊጋቢት ካርዶችዎ ላሉበት ፖርት ባለ 32 ሞጁል መግዛት ይኖርብዎታል። ለፍላሽ ተብሎ የተሠራውን የማከማቻ ፕሮቶኮል ኤንቪኤምኢን ለማግኘት የግድ ወደ ኤተርኔት መሄድ እንደማያስፈልግም አይርሱ፤ ባለ 32 ጊጋቢት ካርዶችና ስዊቾች ከዲስክ ዘመን የመጣውን ፕሮቶኮል ስካዚን እና ኤንቪኤምኢን በአንድ ፖርት ላይ ጎን ለጎን ያስኬዳሉ።

መረብ ዘርጊ፦

ባለ ሁለት መንገድ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የ2009ኙን ታሪክ ለዛሬ ማስረጃ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። ያ ሙከራ ኤተርኔቱን ፋይበር ቻናል እንዲመስል ለማስገደድ የተደረገ ነበር። በኅዳር 2018 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጸደቀው ኤንቪኤምኢ በቲሲፒ ላይ ግን ከኤተርኔቱ ምንም የተለየ ነገር አይጠይቅም፤ ፓኬት ቢጠፋ፣ የኢንተርኔቱ ዋና ማጓጓዣ ፕሮቶኮል የሆነው ቲሲፒ ያውቅበታል፤ ይህን ሲሠራ ደግሞ ዐሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የሊኑክስ ከርነል ከ5.0 ጀምሮ፣ የቪኤምዌር የቨርቿል ማሽን ማስኬጃ የሆነው ቪስፌር ደግሞ ከ7.0 ሦስተኛ ማሻሻያ ጀምሮ ደግፈውታል። ልዩ ካርድ አያስፈልግም፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ባለ 25 ጊጋቢት ፖርት ይበቃል።

ሁለተኛው ነጥቤ የገበያው ነገር ነው። ብሮኬድ በ2017 በብሮድኮም ከተገዛ ወዲህ የፋይበር ቻናል ስዊች የሚፈልግ ድርጅት በተግባር የሚመርጠው ከብሮድኮም እና ከሲስኮ ነው፤ የካርዱም ገበያ እንዲሁ በብሮድኮም እና በማርቬል እጅ ነው። በኤተርኔት በኩል የ400 ጊጋቢት ደረጃ በ2017፣ የ800 ጊጋቢት ደግሞ በ2024 ጸድቋል፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሠልጠኛ ማዕከላት የሚያፈስሱት ገንዘብ ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው። የምርምር ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ትቶ ሌላውን የሚከተል ድርጅት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ሞያተኛ ፈልጎ የማያገኝበት ቀን ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ። አሁን እንኳ ዞኒንግ፣ ማለትም የትኛው ሰርቨር የትኛውን ማከማቻ እንደሚያይ የሚወስነውን የፋይበር ቻናል ቅንብር፣ የሚያውቅ ወጣት ባለሞያ ለመቅጠር ማስታወቂያ ብናወጣ የሚያመለክተው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

የዳታቤዝ ሰው፦

አጭር አስተያየት። እባካችሁ ስታነጻጽሩ በአማካይ አታነጻጽሩ። አንድ የደንበኛ ጥያቄ ዳታቤዙን ሃምሳ ጊዜ እንዲያነብ የሚያደርግ ከሆነ፣ ደንበኛው የሚጠብቀው ከሃምሳዎቹ ንባቦች በጣም የዘገየውን ነው። አማካዩ 200 ማይክሮ ሰከንድ ሆኖ ከሺህ አንዱ 30 ሚሊ ሰከንድ የሚወስድ መረብ ለእኔ ቀርፋፋ መረብ ነው። ከሺህ 999ኙ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚጠናቀቁ የማይናገር የሻጭ ሰነድ ለውሳኔ አይበቃም።

ባለ ሁለት መንገድ፦

የዳታቤዝ ሰው ያሉት ትክክል ስለሆነ፣ የፋይበር ቻናልን ድክመት ራሴ ብናገር ይሻላል።

አንድ ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ ሁሉም ዳታቤዞች በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። የማከማቻ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ስዊቾቹ ላይ አንድም የስሕተት ቁጥር የለም፤ የመስመሮቹ አጠቃቀም እንዲያውም ከወትሮው ያነሰ ነው። የሰርቨሮቹ የንባብ ጊዜ ግን ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ ወደ 40 ሚሊ ሰከንድ አሻቅቧል። ስድስት ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ያገኘነው፣ አንድ ፖርት ክሬዲት አልቆበት የቆመበትን ጊዜ የሚቆጥረውን ቆጣሪ በየፖርቱ ስንመለከት ነው። ባለ 8 ጊጋቢት ካርድ የያዘ አንድ አሮጌ ሰርቨር ከባክአፕ መረጃ እየመለሰ ነበር፤ የሚጠይቀውን ያህል ፈጥኖ መቀበል ስላልቻለ ክሬዲት አይመልስም። ለእርሱ የተላኩት ፍሬሞች ስዊቹ ውስጥ ተኮለኮሉ፤ ከዚያም ሁለቱን ስዊቾች የሚያገናኘው መስመር በእነርሱ ተሞላ፤ በዚያ መስመር የሚያልፍ ሰርቨር ሁሉ፣ ከአሮጌው ጋር አንድም ዲስክ የማይጋራው ሳይቀር፣ ከኋላ ተሰልፎ ጠበቀ። ያን ፖርት ዘጋነው፤ የንባብ ጊዜው በዚያው ቅጽበት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ወረደ።

ስለዚህ የማይጥል መረብ መጨናነቅን ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። አዳዲሶቹ የፋይበር ቻናል ትውልዶች እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲያጋጥማቸው ራሳቸው ለሰርቨሩ ማሳወቂያ ይልካሉ፤ ሰርቨሩም ያንን መንገድ ትቶ በሌላው ይሄዳል። እርስዎ ግን ፍላሹን አስገብተው አሮጌ ካርዶቹን ስላላነሡ አሁን ያለዎት መረብ ለዚህ ችግር የተመቻቸ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር እነዚያን ካርዶች ይቀይሯቸው።

ሙከራ ወዳድ፦

ኤንቪኤምኢ በቲሲፒ ላይ ለስምንት ወር በሙከራ መደርደሪያ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በእውነተኛ ሥራ ላይ አውለነዋል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መረብ ዘርጊ «ምንም የተለየ ነገር አይጠይቅም» ያሉት ላይ አልስማማም።

በመጀመሪያው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ሰርቨሮቹ የማከማቻ ሳጥኑን አገኙት፤ ግንኙነቱ ተመሠረተ፤ ዲስኮቹ ታዩ፤ መጠናቸውም ትክክል ነበር። ፋይል ሲስተም ለመፍጠር ስንሞክር ግን ትእዛዙ ተንጠለጠለ። በመዝገቡ ላይ የሚታየው የጊዜ ማለፍ ብቻ ነው፤ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቋረጣል። ጥፋቱን በማከማቻ አምራቹ ላይ ጣልን፤ ከርነሉን አሻሻልን፤ ሁለት ቀን ባከነ። ችግሩ ሁለቱን ስዊቾች በሚያገናኘው ገመድ በአንደኛው ጫፍ ያለው ፖርት ነበር፤ ሌላው ሁሉ ኤምቲዩው፣ ማለትም የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን፣ 9,000 ባይት ሲሆን እርሱ ብቻ በ1,500 ቀርቷል። ትናንሾቹ ትእዛዞች ያልፋሉ፤ ትልልቆቹ ፍሬሞች እዚያች ፖርት ላይ በጸጥታ ይጠፋሉ። ተራው የመረብ መፈተሻ ፒንግም ያልፍ ስለነበር ማንም መረቡን አልጠረጠረም። አሁን አንድ ሰርቨር ከመገናኘቱ በፊት በሁሉም መንገዶች፣ መከፋፈልን ከልክለን፣ 8,972 ባይት የሚያህል ፒንግ እንልካለን፤ ካላለፈ ሥራው አይቀጥልም። በፋይበር ቻናል ይህ ዓይነት ስሕተት አይገጥማችሁም፤ የፍሬሙን መጠን ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ራሳቸው ይስማሙበታልና።

ሌላው ያልጠበቅነው ነገር የግንኙነቶቹ ብዛት ነው። ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር አንድ ወረፋ፣ ለእያንዳንዱ ወረፋ ደግሞ አንድ የቲሲፒ ግንኙነት ይከፍታል። 64 ኮር ያለው ሰርቨር በአራት መንገድ ሲገናኝ 256 ግንኙነት ይሆናል፤ ይህን በሰርቨሮቹ ቁጥር አባዙትና የማከማቻ ሳጥናችሁ ስንት እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የወረፋውን ቁጥር ወደ 8 ስናወርደው በእኛ ሥራ ላይ የታየ ጉዳት የለም። የፕሮሰሰር ፍጆታውም መታሰብ አለበት፤ ፋይበር ቻናል ካርዱ ውስጥ የሚጨርሰውን ሥራ እዚህ ሰርቨሩ ነው የሚሠራው።

አዲስ ተመዝጋቢ፦

ይቅርታ፣ ስለ ሮኪ፣ ማለትም በኤተርኔት ላይ ስለሚሄደው አርዲኤምኤ፣ ማንም አላነሣም። በሻጮች ሰነድ ላይ መዘግየቱ ከሁሉም ያነሰ የሚባለው እርሱ አይደለም ወይ?

መረብ ዘርጊ፦

ነው፤ በጥሩ ቀን። አርዲኤምኤ የአንዱን ሰርቨር ማኅደረ ትውስታ ከሌላው ጋር በቀጥታ ስለሚያገናኝ ፕሮሰሰሩ አይደክምም። ሆኖም በተለመደው አሠራሩ የማይጥል ኤተርኔት ይፈልጋል፤ ለዚህም ስዊቹ በፈሩ ሊሞላ ሲል «ቁም» የሚል መልእክት ወደ ኋላ ይልካል። ባለ ሁለት መንገድ የተናገሩት የአንድ ሌሊት ታሪክ በዚህ መረብ ላይ ቢደርስ «ቁም» የሚለው መልእክት ከስዊች ወደ ስዊች እየተዛመተ ነገሩ የማይመለከተውን ሁሉ ያስቆማል። ትልልቅ የክላውድ ድርጅቶች ይህን የሚከታተል የራሳቸው ቡድን አላቸው። 120 ሰርቨር ላለው ድርጅት አልመክርም፤ እኔ የኤተርኔት ሰው ሆኜ እንኳ።

ቁልፍ ያዥ፦

ስለ ደኅንነት ሁለት ቃል ልበል። «ፋይበር ቻናል ከሌላው መረብ የተለየ ስለሆነ የተጠበቀ ነው» የሚለው አባባል ያሳስበኛል። ዞኒንግ በአብዛኛው የሚሠራው በካርዱ ባለ 64 ቢት መለያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ማንነትን የሚያረጋግጥ ምሥጢር አይደለም፣ ሊቀየርም ይችላል። ኤንቪኤምኢ በቲሲፒ ላይ በበኩሉ ሰርቨሩና ማከማቻው እርስ በርስ የሚረጋገጡበት ሥርዓትም፣ በቲኤልኤስ 1.3 የመመስጠር አማራጭም በደረጃው ውስጥ አለው፤ ግን ካልበራ የለም። የማከማቻ ትራፊክን ማንኛውም ላፕቶፕ ሊደርስበት በሚችል መረብ ላይ ያለ ማረጋገጫ መልቀቅ የድርጅቱን መረጃ ሁሉ በር ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ይህን ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

የገመድ ሰው፦

ሁላችሁም ስለ ስዊች ስታወሩ ገመዱ ተረሳ። ማከማቻ ጠባቂ፣ ወለሉ ሥር ያለው ፋይበር ኦኤም3 የሚባለው ዓይነት ከሆነ በ8 ጊጋቢት 150 ሜትር የሚያደርሰው፣ በ16 ጊጋቢት 100፣ በ32 ጊጋቢት ደግሞ 70 ሜትር ብቻ ነው የሚያደርሰው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የቆሸሸ የማያያዣ ጫፍ ይቅርታ አያገኝም። ከመግዛታችሁ በፊት ርዝመቱን ለኩ፤ በመንገዱ መካከል ስንት የማያያዣ ፓነል እንዳለም ቁጠሩ።

ሁለተኛ የመረጃ ማዕከል ካላችሁ ደግሞ ርቀቱን አስቡ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። 10 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 100 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይህን የትኛውም ፕሮቶኮል አይቀንሰውም። በተለመደው የስካዚ አጻጻፍ ሰርቨሩ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቆ ከዚያ መረጃውን ስለሚልክ መንገዱን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ ኤንቪኤምኢ በቲሲፒ ላይ መጠኑ ትንሽ የሆነ የሚጻፍ መረጃን ከትእዛዙ ጋር አብሮ መላክ ስለሚፈቅድ አንዱ ምልልስ ሊቀር ይችላል። በፋይበር ቻናል በኩል ደግሞ ክሬዲቱን አስሉ፦ ፍሬሞቹ ሙሉ መጠን ከሆኑ፣ ኪሎ ሜትሩን በጊጋቢቱ አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር በ32 ጊጋቢት 160 ክሬዲት ይወጣል፤ ፍሬሞቹ ካነሱ ከዚያም በላይ።

ክላስተር ገንቢ፦

ከሁላችሁም ለየት ያለ ጥያቄ ላንሣ። የጋራ ማከማቻ ሳጥን ራሱ ይቀጥላል ወይ? እኛ ቨርቿል ማሽኖቻችንን፣ ማለትም በሰርቨሮቹ ላይ በሶፍትዌር የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች፣ በሙሉ ዲስኩ በየሰርቨሩ ውስጥ ወደተበተነ ማከማቻ አዛውረናል። የማከማቻ መረብ የሚባል የተለየ ነገር የለንም ማለት ግን አይደለም። የሚጻፈው መረጃ ሁሉ በሦስት ቅጂ ስለሚቀመጥ መረቡ የሚሸከመው ከቀድሞው ይበዛል፤ አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ደግሞ የእርሱን ቅጂዎች መልሶ ለመሥራት ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነጋገራሉ። መረቡ ደካማ የሆነበት እንዲህ ያለ ክላስተር፣ ማለትም አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ፣ ዲስክ በተበላሸ ቀን ነው የሚጋለጠው። ለትልልቅ ዳታቤዞች አልሞከርነውም፤ ለሌላው ግን በደንብ አገልግሎናል።

ማከማቻ ጠባቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጻፋችሁትን ከባልደረቦቼ ጋር ስናነብ ቆይተን የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ፋይበር ቻናልን አንጥልም፤ ግን አናሳድገውም። ለዳታቤዞቹ ብቻ፣ አሁን ካለን የፖርት ቁጥር በግማሽ ያነሰ፣ ባለ 64 ጊጋቢት ስዊች እንገዛለን፤ አብዛኞቹ ሞጁሎች ባለ 32 ይሆናሉ። ባለ 8 ጊጋቢት ካርዶቹ ግን ከአዲሱ ስዊች በፊት ይነሣሉ፤ የዚያ ሌሊት ታሪክ ለአለቆቼ ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ አስረድቷቸዋል። አዲስ የሚገነቡት የቨርቿል ማሽን ክላስተሮች በኤንቪኤምኢ በቲሲፒ ላይ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ከተጠቃሚዎች መረብ ጋር በማይገናኙ፣ ለማከማቻ ብቻ በተለዩ ሁለት የኤተርኔት ስዊቾች ነው። አለቆቼ አንድ መረብ ብለው የጠየቁት በዚህ አልተሟላም። መረብ ዘርጊ ስለ ሞያተኛ ያነሡትን ስጋት ግን ያቀልልናል፤ የማከማቻውንም የተጠቃሚዎቹንም ኤተርኔት የሚያንቀሳቅሰው አንድ ዓይነት ሞያ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ደግሞ ከሳጥኑ ቁጥር ይልቅ የሰዉ ነገር ነው የሚያስጨንቀን። ሮኪን ትተነዋል። የማረጋገጫው ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ይበራል።

ገመዱን ለካን። ከሩቁ ረድፍ ያሉት አሥራ አራት መስመሮች ከ70 ሜትር ያልፋሉ፤ ይህን ሳናውቅ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ስዊቾቹ ከመጡ በኋላ ነበር የምንደርስበት።

የዳታቤዝ ሰው፦

ጥሩ ውሳኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የድሮዎቹን ስዊቾች ከማንሣትዎ በፊት አሁን ያለውን የንባብና የጽሑፍ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ወር፣ የወር መዝጊያውን ጨምሮ፣ ከሺህ 999ኙ በስንት ጊዜ እንደሚጠናቀቅ በሚያሳይ መልኩ መዝግበው ያስቀምጡ። ከዝውውሩ በኋላ አንድ ሰው «ድሮ ይፈጥን ነበር» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የሚያመሳክሩበት ቁጥር ከሌለ ትክክል ይሁን አይሁን ማንም ማወቅ አይችልም።

ማከማቻ ጠባቂ፦

አሁን የምንመዘግበው የአምስት ደቂቃ አማካይ ብቻ መሆኑን ይህን ካነበብኩ በኋላ አረጋገጥኩ። ዛሬ ማታ እቀይረዋለሁ፤ የወር መዝጊያው የፊታችን ሐሙስ ስለሆነ ለመጀመሪያው መዝገብ ይደርስልናል።